ታሪኩን አንብቤ ጨረስኩ፣ ትርጉሙ ግን የታለ? ለምትሉ

አንድ አጭር ልቦለድ አንብባችሁ ጨርሳችሁ "እና?" ያላችሁበት ጊዜ አለ አይደል? ማን ምን እንዳደረገ ገብቷችኋል፣ ቋንቋውም አልከበዳችሁም፣ ግን የሆነ ነገር አልፏችሁ የሄደ ይመስላችኋል፣ ከዛ ሌላ ሰው ያንኑ ታሪክ አንብቦ "እኔ እኮ መጨረሻው ላይ እንባዬ መጣ" ሲላችሁ በቃ ስነ ጽሁፍ ለኔ አይሆንም ብላችሁ ትተዉታላችሁ። ለናንተ ነው ምጽፈው፣ ምክንያቱም እኔም ለብዙ አመት እንደዛ ነበርኩ፣ እና ነገርየው የጭንቅላት ሳይሆን የአነባበብ ልማድ ጉዳይ እንደሆነ አሁን እርግጠኛ ነኝ፣ ልማድ ደሞ ይለመዳል።

ትምህርት ቤት እያለን አንድ አስተማሪ ነበረን፣ ታሪክ ያስነብበንና "ደራሲው ምን ሊል ፈልጎ ነው?" ብሎ ይጠይቃል፣ መልሱ አንድ ብቻ ነው፣ እሱ ማስታወሻው ላይ የጻፈው። ከዛ ውጪ የመለሰ ሁሉ ተሳስቷል። ስለዚ እኔ ታሪክ ማለት የተቆለፈ ሳጥን ነው፣ ትርጉሙ ውስጡ ተቀምጧል፣ ቁልፉ ግን ሁሌም ሌላ ሰው ኪስ ውስጥ ነው እያልኩ አደግኩ። ትንሽ ካነበብኩ በኋላ ደሞ ወደ ሌላኛው ጫፍ ሄድኩ፣ "ሁሉም ሰው የራሱን ትርጉም ይሰጣል፣ ስህተት ሚባል የለም" ማለት ጀመርኩ፣ ይሄኛው ደስ ይላል ግን ባዶ ነው፣ ሁሉም ትርጉም እኩል ልክ ከሆነ ስለ ታሪኩ መነጋገር ራሱ ምን ይሰራል? አሁን የማምነው ከሁለቱም ይለያል። ትርጉም ተደብቆ ሚጠብቃችሁ ዕቃ አይደለም፣ እንደፈለጋችሁ ምትፈጥሩትም አይደለም፣ ገጹ ላይ ያሉት ቃላት ጋ ረጋ ብላችሁ ስትቆዩ በናንተና በቃላቱ መሀል ሚሰራ ነገር ነው። እንዴት እንደሚሰራ በተግባር ላሳያችሁ።

መለማመጃ እንድትሆነን ራሴ የጻፍኳት አንዲት በጣም አጭር ታሪክ አለች። ስድስት አረፍተ ነገር ናት፣ ቀስ ብላችሁ አንብቧት፦

ልጁ ከ12 አመት በኋላ ተመለሰ። አባቱ በሩን ከፈተለትና "አምፖል ልቀይር ነበር፣ መሰላሉን ያዝልኝ" አለው። ልጁ ሻንጣውን ሳያስቀምጥ በአንድ እጁ መሰላሉን ያዘ። አባቱ ወጣ፣ አምፖሉን ፈታው፣ ጆሮው ጋ አስጠግቶ ነቀነቀው፣ መልሶ አሰረው። "ደህና ነው ለካ" አለ። ከመሰላሉ ግን አልወረደም።

በቃ ይቺው ናት።

አሁን መጀመሪያ ሚመጣባችሁን "መልእክቱ ምንድነው?" ሚለውን ጥያቄ ለጊዜው ወደ ጎን አድርጉት። ጥያቄው መጥፎ ሆኖ አይደለም፣ ቶሎ ስለሚመጣ ነው። ሉዊዝ ሮዘንብላት የምትባል አሜሪካዊት ምሁር እ.ኤ.አ. በ1978 ባሳተመችው ስራ ሁለት አይነት ንባብ አለ ብላለች፣ አንዱ ካነበብን በኋላ ይዘነው ምንሄደውን መረጃ ፍለጋ ምናነበው ነው፣ ሌላው ደሞ እያነበብን ባለንበት ሰአት ሚሆነውን ነገር ለመኖር ምናነበው። ለመጀመሪያው የሰጠችው ምሳሌ አይረሳኝም፣ ልጇ መርዝ የጠጣባት እናት የጠርሙሱን ጽሁፍ እንዴት ነው ምታነበው? የቃላቱ ውበት፣ የአረፍተ ነገሩ ምት፣ ምንም አይታያትም፣ ማርከሻው ምን እንደሆነ ብቻ ነው ምትፈልገው። ልክ ናት። ችግሩ እኛ ስልካችን ላይ ቀኑን ሙሉ እንደዛች እናት ስናነብ እንውልና ማታ ልቦለድ ስንይዝም በዛው አይን እንቀጥላለን። ታሪክ ስትጀምሩ ይዛችሁ ምትሄዱት ነገር አትፈልጉ፣ ከቻላችሁ ድምጽ እያወጣችሁ አንብቡ፣ አጭር ከሆነ ሁለቴ። አንዴ ብቻ የተነበበ አጭር ታሪክ ገና አልተነበበም ብዬ ነው ማምነው፣ ምክንያቱም መጀመሪያ ስናነብ "ከዛስ ምን ሆነ?" እያልን ነው ምንሮጠው፣ ሁለተኛ ላይ ነው እያንዳንዱ ቃል መጨረሻውን ከሚያውቅ ሰው ጋር ሚገናኘው።

የተጻፈውንና እናንተ የጨመራችሁትን ለዩ

ይሄ ለኔ ትልቁ ነገር ነው። ሰው ታሪክ ሳይጨምር ምንም ነገር ማየት አይችልም። እ.ኤ.አ. በ1944 ፍሪትዝ ሃይደርና ማሪያን ሲመል የተባሉ የስነ ልቦና ተመራማሪዎች አንድ አጭር ፊልም ሰርተው ለሰዎች አሳዩ፣ ፊልሙ ላይ ያለው ትልቅ ሶስት ማዕዘን፣ ትንሽ ሶስት ማዕዘን፣ አንዲት ክብ እና ሚከፈት ሚዘጋ በር ያለው አራት ማዕዘን ነው፣ ቅርጾቹ ወዲያ ወዲህ ይንቀሳቀሳሉ፣ አለቀ። "ያያችሁትን ጻፉ" ሲባሉ ከ34ቱ የመጀመሪያ ተመልካቾች ከአንድ ሰው በስተቀር ሁሉም የጻፉት ስለ ህይወት ስላላቸው ነገሮች ነው፣ ማሳደድ፣ ጸብ፣ ፍርሀት፣ መሸሽ። ሶስት ማዕዘን ላይ ጉልበተኛ ያየ ጭንቅላት አባትና ልጅ ላይ ምን ያህል እንደሚጨምር አስቡት።

ስንጨምር ደሞ ከምናውቀው ነው ምንጨምረው። ፍሬድሪክ ባርትሌት ሚባል የስነ ልቦና ተመራማሪ ካምብሪጅ ውስጥ ለእንግሊዛውያን አንባቢዎች የሰሜን አሜሪካ ነባር ህዝቦች የሚተርኩትን አንድ ተረት ሰጥቶ ደጋግመው ከትውስታ እንዲጽፉት አደረገ፣ ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ1932 አሳተመው። ታሪኩ በየዙሩ እያጠረ እነሱ ወደሚያውቁት አለም እየተጠጋ ሄደ፣ ታንኳው ተራ ጀልባ ሆነ፣ የባህር እንስሳ አደኑ አሳ ማጥመድ ሆነ፣ መናፍስቱ ደሞ ስላልገቧቸው ከታሪኩ መውጣት ጀመሩ። ማንም ሆን ብሎ አልዋሸም እኮ፣ በቅንነት ያነበቡትን ነበር ሚጽፉት።

ስለዚ ምትሰሩት ስራ ቀላል ነው። ወረቀት ለሁለት ክፈሉ፣ በአንድ በኩል ታሪኩ ራሱ ያለውን ብቻ፣ በሌላ በኩል በጭንቅላታችሁ የሳላችሁትን ጻፉ። የኛን ታሪክ በደረቁ ስናስቀምጠው፣ ልጁ ከ12 አመት በኋላ መጣ፣ በሩን አንኳኳ፣ አባቱ ከፈተለት፣ መሰላል እንዲይዝለት ጠየቀው፣ አምፖሉን ፈትቶ አየው፣ አልተቃጠለም፣ መልሶ አሰረው፣ ሳይወርድ ቀረ። ይሄ የመጀመሪያው ረድፍ ነው። ሁለተኛው ረድፍ ላይ ደሞ ምን ሳላችሁ? የት ነበር ልጁ? እስር ቤት? ስደት? ተጣልተው ነው የወጣው? አባትየው ስንት አመቱ ነው? እናት አለች? ማታ ነው ቀን? ያነበበልኝ ሰው ሁሉ ማታ ነው ይላል፣ ታሪኩ ግን ስለ ሰአት አንድ ቃል የለውም፣ መብራት ሚለው ሀሳብ ነው ጨለማውን ያመጣው።

የጨመራችሁትን ሰርዙት እያልኩ አይደለም። ሳይጨመር ማንበብ አይቻልም። ብቻ የናንተ መሆኑን እወቁት፣ ያኔ ከጓደኛችሁ ጋር ስትከራከሩ ስለ ታሪኩ ነው ምንከራከረው ወይስ እያንዳንዳችን ስለሳልነው ስዕል ሚለው ይለያል፣ ብዙ ክርክር እዚችው ጋ ይፈታል።

አይናችሁ የቆመበት ቦታ

ሁለተኛ ስታነቡ እርሳስ ያዙ። ያስገረማችሁ፣ የደበራችሁ፣ ያልገባችሁ፣ "ይሄ ደሞ ለምን እዚ ገባ?" ያላችሁበት ቦታ ላይ ምልክት አድርጉ፣ ምክንያቱን ለማወቅ አትቸኩሉ። ብዙ ሰው ሚሳሳተው እዚ ጋ ነው፣ ያልገባውን ቦታ የራሱ ድክመት አድርጎ ይዘለዋል፣ ትርጉም ግን አብዛኛውን ጊዜ ሚገኘው ልክ እዛ ያልገባን ቦታ ላይ ነው፣ ምክንያቱም ደራሲ ሁሉንም ነገር ለስላሳ አድርጎ መጻፍ ሲችል የሆነ ቦታ ላይ ካሻከረው እዛ ጋ እንድትቆሙ ነው።

እስቲ የኛን እንያት። እኔ ብሆን ምቆመው "ልቀይር ነበር" ላይ ነው። እቀይራለሁ አላለም፣ ልቀይር ነው አላለም፣ ልቀይር ነበር ነው ያለው። ከ12 አመት በኋላ በሩ ላይ ለቆመ ልጅ የተነገረ የመጀመሪያ ቃል ነው ይሄ፣ እና ሰዋስዉ ራሱ የተቋረጠ ስራ ነው ሚናገረው፣ አንተ ስትመጣ የሆነ ነገር መሀል ላይ ነበርኩ እንደማለት። ልጁ የሄደበት 12 አመት በሙሉ በዛ "ነበር" ውስጥ ሊገባ ይችላል።

ከዛ "ያዝልኝ"። "ያዝ" ብቻ አይደለም፣ "ልኝ" አለችበት፣ ለኔ ብለህ። ሰላምታ የለም፣ እቅፍ የለም፣ ግን እርዳታ ተጠይቋል፣ እርዳታ ደሞ እንግዳን ሳይሆን የቤት ሰውን ነው ሚጠየቀው። እንግዳ ቢሆን "ግባ፣ ተቀመጥ" ነበር ሚባለው። ይሄን ያስተዋለ አንባቢ "አባትየው ቀዝቃዛ ነው" ብሎ ለመደምደም ትንሽ ይቸገራል።

ሻንጣው ደሞ አለ። "ሳያስቀምጥ" ሚለው ቃል ባይኖር ታሪኩ ምን ይጎድለዋል? ይሄን ጥያቄ ልመዱት፣ ከሁሉም መሳሪያ በላይ የጠቀመኝ እሱ ነው። አንድ ቃል አንሱና ታሪኩን ያለሱ አንብቡት። "ልጁ መሰላሉን ያዘ" ብንል ታዛዥ ልጅ ነው፣ አለቀ። ሻንጣውን ሳያስቀምጥ በአንድ እጁ ሲይዝ ግን ግማሽ ሰውነቱ ገብቷል፣ ግማሹ ገና በር ላይ ነው። አስቀምጥ ስላላሉት ነው? ለመሄድ ዝግጁ ስለሆነ ነው? አባቱን በአንድ እጅ ብቻ ነው ደግፎ ያቆመው፣ እና መሰላል በአንድ እጅ ሲያዝ ይወዛወዛል፣ አባትየው ላይ ሆኖ ያንን ሳይሰማው ሚቀር አይመስለኝም።

መጨረሻ ላይ "ግን"። "ከመሰላሉ አልወረደም" ቢል መረጃ ነው። "ግን" ስትገባ ተራኪው የሆነ ነገር እየጠበቀ እንደነበር ያሳብቃል፣ ስራው አልቋል፣ መውረድ ነበረበት፣ ግን። ሶስት ፊደል የማትሞላ ቃል ናት፣ ታሪኩን በሙሉ ተሸክማለች።

ያልተባለው

ቮልፍጋንግ ኢዘር ሚባል ጀርመናዊ የስነ ጽሁፍ ሊቅ ታሪክ ውስጥ ሆን ተብለው ስለሚተዉ ክፍተቶች ብዙ ጽፏል፣ አንባቢው ታሪኩ ውስጥ ሚገባው በነሱ በኩል ነው ይላል፣ እኔም ይሄን አነጋገር እወደዋለሁ፣ ክፍተት ስል ደራሲው የረሳውን ማለቴ አይደለም፣ እዛ ጋ ሊኖር ይገባል ብላችሁ የጠበቃችሁት ግን ያልተገኘ ነገር ማለቴ ነው። ስለዚ "እዚ ታሪክ ውስጥ ምን ጎደለ?" ብላችሁ ጠይቁ። የኛዋ ላይ ሰላምታ ጎድሏል፣ ምክንያት ጎድሏል፣ ከሁሉ በላይ ደሞ የልጁ ድምጽ ጎድሏል፣ ልብ ብላችሁ ከሆነ ልጁ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንድ ቃል አይናገርም። ለምን እንደሆነ ብትጠይቁኝ እኔም መልስ የለኝም፣ ግን ዝምታው ሊናገር ስላልፈለገ ነው ወይስ እድል ስላልተሰጠው ሚለውን መምረጥ ታሪኩን ሁለት የተለያዩ ታሪኮች ያደርገዋል።

እዚው ላይ ማን ነው ሚተርከው ሚለውንም ማየት ነው። የኛ ተራኪ ከውጪ ሆኖ ያያል፣ ማንም ጭንቅላት ውስጥ አይገባም፣ ስለዚ "አዘነ፣ ተደሰተ" ሚሉ ቃላት የሉም። "እኔ" ብሎ ሚተርክ ሲሆን ግን ጥንቃቄ ጨምሩ፣ ዌይን ቡዝ ሚባል አሜሪካዊ የስነ ጽሁፍ ሃያሲ እ.ኤ.አ. በ1961 "የማይታመን ተራኪ" ብሎ ስም ያወጣለት ነገር አለ፣ ሚነግራችሁን ሰው ታሪኩ ራሱ ሲያጋልጠው ማለት ነው። ለምሳሌ ተራኪው "እኔ ቂመኛ አይደለሁም" ብሎ ከዛ ከሃያ አመት በፊት የተሰደበውን ስድብ ቃል በቃል ሲያወራላችሁ።

ስለ ሲምቦል

ሲምቦል አደን ታሪክ ይገድላል። አምፖል ካየ "ተስፋ ነው"፣ መሰላል ካየ "እድገት ነው"፣ ሻንጣ ካየ "ያለፈ ህይወት ነው" ብሎ እንደ መዝገበ ቃላት ሚመነዝር አንባቢ ታሪኩን ማየት አቁሟል። እቃው መጀመሪያ እቃ ይሁን። አምፖሉ አምፖል ነው፣ ይቃጠላል፣ ሲቃጠል ውስጡ ያለችው ቀጭን ሽቦ ትበጠስና ስትነቀንቁት ታንኳኳለች፣ ለዛ ነው አባትየው ጆሮው ጋ ያስጠጋው፣ ይሄን ያላስተዋለ ሰው "ተስፋ ነው" ቢል ምን ዋጋ አለው። ያስተዋለ ሰው ግን ትርጉሙ በራሱ ይመጣለታል፣ ተበጥሷል ብሎ ያሰበውን ነገር ጆሮውን አስጠግቶ አዳመጠው፣ አልተበጠሰም። እዚ ጋ ስንደርስ አምፖሉ ስለ አምፖል ብቻ እንዳልሆነ ማንም ሳይነግረን ይሰማናል። አንድ እቃ ከእቃነት በላይ ሚሆነው ሲደጋገም፣ ያለቦታው ሲገኝ፣ ወይ ታሪኩ ከሚያስፈልገው በላይ ረጅም ጊዜ እሱ ላይ ሲቆይ ነው። ስድስት አረፍተ ነገር ባላት ታሪክ ውስጥ አምፖሉ ሶስት ግስ ወስዷል፣ ፈታው፣ ነቀነቀው፣ አሰረው። ልጁ ግን በስሙ እንኳን አልተጠራም።

በነገራችን ላይ "ፍቺ" ሚለውን ቃላችንን አስቡት፣ የቃል ትርጉምም ፍቺ ነው፣ የባልና ሚስት መለያየትም ፍቺ ነው፣ ህልምም ይፈታል፣ እንቆቅልሽም ይፈታል፣ እስረኛም ይፈታል። መፍታት ማለት የታሰረውን መልቀቅ ነው እንጂ መግደል አይደለም፣ ታሪክን ስንፈታም እንደዛው መሆን ያለበት ይመስለኛል፣ መልሰን ስናስረው መስራት አለበት።

ደራሲው ግን ምን ሊል ፈልጎ ነው?

አሁን ወደዛ አስተማሪ ጥያቄ ልመለስ። ታሪኳን ከጻፍኩ በኋላ ለአንዲት ጓደኛዬ አነበብኩላት። ጨርሼ ዝም አልኩ፣ እሷም ዝም ብላ ቆየችና "‘ደህና ነው ለካ’ ያለው ልጁን አይደል?" አለችኝ። እኔ በእውነት አምፖሉን ብቻ አስቤ ነበር የጻፍኩት። አምፖል ደህና ነው፣ አልተቃጠለም። ግን አማርኛችን ለሰውም ለእቃም "ነው" ነው ሚለው፣ እና ከላይ ከመሰላል ሆኖ ቁልቁል እያየ፣ 12 አመት ይሙት ይዳን ያላወቀው ልጅ እግሩ ስር ቆሞ፣ "ደህና ነው ለካ"። ፊት ለፊት "ደህና ነህ?" ማለት ያልቻለ ሰው ለራሱ ነው ሚናገረው። "ለካ" ደሞ አለች፣ ሌላ ነገር ሲጠረጥር ኖሮ ተሳስቼ ነበር ያለ ሰው ቃል ናት። ሰሙ አምፖሉ፣ ወርቁ ልጁ። ጸሀፊው እኔ ሆኜ ወርቁን ያየችው እሷ ናት።

ተሳስታለች ልበላት? "እኔ እንደዛ አላሰብኩም" ብል ምን ይለወጣል፣ ቃላቱ እዛው ናቸው። ዊምሳትና ቢርድስሊ ሚባሉ ሁለት አሜሪካውያን እ.ኤ.አ. በ1946 በጻፉት አንድ ዝነኛ ጽሁፍ የደራሲው ሀሳብ የስራው መለኪያ ሊሆን አይችልም ብለው ተከራክረዋል፣ ሀሳቡ ከተሳካ ስራው ላይ ይታያል፣ ካልተሳካ ደሞ ደራሲው ከውጪ ቢነግረንም ስራው ውስጥ አይገባም። ፈረንሳዊው ሮላን ባርት እ.ኤ.አ. በ1967 ከዛም አልፎ የደራሲውን ሞት ሲያውጅ የአንባቢው ልደት በዛ ዋጋ ነው ሚመጣው አለ። እኔ እስከዚ ድረስ አልሄድም። የደራሲው ዘመን፣ የኖረበት ሁኔታ፣ የተጠቀመው ቃል በዛን ጊዜ ምን ማለት እንደነበር ማወቅ ይጠቅማል፣ በጣም ይጠቅማል። ጆን ብራንስፎርድና ማርሻ ጆንሰን እ.ኤ.አ. በ1972 ባወጡት ሙከራ ርዕሱ ያልተገለጸ ግራ ሚያጋባ አንቀጽ ለሰዎች ሰጡ፣ "ልብስ ስለማጠብ ነው" ተብሎ አስቀድሞ የተነገራቸው በደንብ ገባቸው፣ ካነበቡ በኋላ የተነገራቸው ግን ምንም አልጠቀማቸውም። ስለዚ ከሩቅ ዘመን ወይ ከማታውቁት አለም የመጣ ታሪክ ከሆነ ትንሽ አጣርታችሁ ግቡ። ብቻ ያገኛችሁት መረጃ እንድታዩ ሚረዳችሁ መብራት ይሁን፣ ፍርድ አይሁን።

ታዲያ ሁሉም ያስኬዳል?

አያስኬድም። አንድ ትርጉም ሲመጣላችሁ ፈትኑት። የትኛው ቃል ላይ ነው የቆመው? ጣታችሁን አስቀምጡበት። ከዛ ደሞ ይሄ ትርጉም ታሪኩ ውስጥ ያለን የትኛውን ነገር ሳያስረዳ ይተወዋል? ጥሩ ትርጉም ብዙውን ዝርዝር ይሰበስባል፣ ደካማ ትርጉም አንድ ነገር ላይ ተንጠልጥሎ ሌላውን እንዳላየ ያልፋል። "ልጁ የመጣው ውርስ ሊጠይቅ ነው" ብትሉኝ አይሆንም ብዬ ማረጋገጫ ላመጣ አልችልም፣ ግን ጣታችሁን ምታስቀምጡበት ቃል የላችሁም፣ ስለ አምፖሉ፣ ስለ "ለካ"፣ ስላለመውረዱ ምንም አይነግረንም። ጓደኛዬ ያለችው ግን መጨረሻውን ጭምር ያስረዳል፣ ቢወርድ ፊት ለፊት ይተያያሉ፣ ሲተያዩ መናገር ሊመጣ ነው።

ሌላ ሰው ደሞ አንድም ብሎ መጣልኝ። ታላቅ ወንድሜ ሲያነባት አባትየው ያልወረደው ልጁ መሰላሉን እንዳይለቅ ነው አለ፣ ላይ እስካለ ድረስ ልጁ መያዝ አለበት፣ እስከያዘ ድረስ ደሞ አይሄድም። ይሄኛውም ቃል አለው፣ "ያዝልኝ" እና "ሻንጣውን ሳያስቀምጥ"። አንዱ አባት መተያየትን ይፈራል፣ አንዱ አባት መለየትን ይፈራል፣ እና ሁለቱ አይጣሉም፣ አንድ ሰው ሁለቱንም በአንድ ጊዜ መፍራት ይችላል። አንድም ብሎ አንድም ማለት እንደዚ ነው፣ አንዱ አንዱን ሳይሰርዘው ጎን ለጎን ሲቆሙ፣ ግን ሁለቱም ጽሁፉን ሲይዙ።

ጭብጥ ጻፉ ስትባሉ ደሞ አንድ ቃል ጽፋችሁ አታቁሙ። "ፍቅር"፣ "ይቅርታ"፣ "ናፍቆት" ጭብጥ አይደሉም፣ ርዕስ ናቸው። ሙሉ አረፍተ ነገር አድርጉት፣ ስለ ይቅርታ ምን አለ? የኔው "ይቅርታ መጠየቅም ማድረግም ያቃታቸው ሰዎች አብረው ሚሰሩት ስራ ይፈልጋሉ" ሚል ነገር ነው። የናንተ ሌላ ሊሆን ይችላል፣ ብቻ አረፍተ ነገር ሲሆን ሰው ሊሞግተው ይችላል፣ "ናፍቆት"ን ግን ማን ይሞግታል።

ራሳችሁንም አንብቡ

አይ. ኤ. ሪቻርድስ ሚባል የስነ ጽሁፍ ሃያሲ ካምብሪጅ ውስጥ ለተማሪዎቹ የጸሀፊያቸው ስም ያልተጻፈባቸው ግጥሞች እያደለ የተሰማቸውን ያስጽፋቸው ነበር፣ እ.ኤ.አ. በ1929 ያገኘውን አሳተመ። ጎበዝ ሚባሉ ተማሪዎች ሆነው ብዙዎቹ የግጥሙን ተራ መልእክት እንኳን ስተውታል። ከዘረዘራቸው መሰናክሎች ውስጥ ሁለቱ ሁሌ ይከነክኑኛል፣ አንዱ ግጥሙ ሲያልቅ ሳይሆን ገና ሲጀምር ተዘጋጅቶ ሚጠብቅ የተለመደ ስሜት ነው፣ "እናት" ሚል ቃል ሲያይ ግጥሙ ምንም ይበል ምን ሆዱ ሚባባ አንባቢ ማለት ነው። ሌላው የራስ ትዝታ መሀል መግባት ነው።

ትዝታ ጠላት አይደለም። እኔ ታሪኳን ለሰዎች ሳነብ በጣም የተናደደ ሰው አጋጥሞኛል፣ "እንዴት 12 አመት ያላየውን ልጅ መሰላል ያዝ ይለዋል!" አለ፣ እና ድምጹ ሲንቀጠቀጥ የሚያወራው ስለኔ ታሪክ እንዳልሆነ ሁለታችንም ገባን። ያ ንዴት ውሸት አይደለም፣ እንዲያውም ከኔ በላይ ስለ ልጁ ዝምታ ያወቀ እሱ ነው ብዬ አስባለሁ። ብቻ ከዛ በኋላ ወደ ቃሉ መመለስ ያስፈልጋል፣ "ያዝልኝ" ውስጥ ንዴቴን ሚደግፍ አለ ወይ? ሚቃወምስ? ስለዚ አንድ ታሪክ በጣም ካናደዳችሁ ወይ በጣም ከነካችሁ ከጎኑ "ይሄ ማንን አስታወሰኝ?" ብላችሁ ጻፉ፣ ለማንም ማሳየት የለባችሁም፣ ከዛ ተመልሳችሁ አንብቡ።

መልሶ ማንበብ ስል ሁሌ ያው ቦታ መመለስ አይደለም። ከፊሉ ሚገባን ሙሉውን ስናውቅ ነው፣ ሙሉው ሚገባን ደሞ ከፊሉን ስናውቅ፣ ይሄን ዙር የትርጓሜ ሊቃውንት ከነሽላየርማኸር ጀምሮ ሲያወሩለት ኖረዋል፣ አዙሪት ይመስላል ግን በዞራችሁ ቁጥር አንድ ነገር ይጨመራል። ቢያንስ አንድ ሳምንት አስቀምጧት ከዛ አንሷት፣ ከሌላ ሰው ጋር ከሆነ ደሞ የበለጠ፣ እያነበባችሁ "የት ቦታ ቆምክ?" ተባባሉ እንጂ "ወደድከው?" አትባባሉ።

እኔ ይቺን ጽሁፍ ልጨርስ ስል ታሪኳን አንዴ ደግሜ አነበብኳት። እዚው ከላይ በደረቁ ሳስቀምጣት "በሩን አንኳኳ" ብያለሁ፣ ከፈለጋችሁ ሄዳችሁ እዩት፣ የመጀመሪያው ረድፍ ላይ፣ የተጻፈው ብቻ ሚገባበት ላይ። ታሪኩ ውስጥ ግን ማንም በር አላንኳኳም። "አባቱ በሩን ከፈተለት" ነው ሚለው። ሳይንኳኳ ከከፈተ በመስኮት አይቶታል ማለት ነው፣ ልጁ ገና ከሩቅ ሲመጣ፣ ሻንጣውን ይዞ፣ እና መሰላሉን ያወጣው ከዛ በፊት ነው ወይስ ከዛ በኋላ?